ኖቲንግ ሂል ካርኒቫል፦ ሰኞን ለለመደው ተዉት፣ እሑድ በማለዳ ሂዱ

የለንደኑ የኖቲንግ ሂል ካርኒቫል በር የለው፣ ቲኬት የለው፣ ወንበር የለው፤ መንገድ ላይ ወጥቶ መቆም ብቻ ነው። የሚውለው በኦገስት የመጨረሻው ሰኞና በዋዜማው እሑድ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከነሐሴ 18 እስከ 25 ባሉት ቀናት ውስጥ ስለሚወድቅ ሁልጊዜ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ይደርሳል። ዋናው ምግብ ዶሮና ፍየል ለሆነበት በዓል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆች፣ ሰዓቶቹም በለንደን በ24 ሰዓት አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ፍርዳችንን እናስቀድም። ከባርነት የወጣ ሕዝብ ነፃነቱን አደባባይ ወጥቶ የሚያከብርበት በዓል ሆኖ ሲታይ፣ በአውሮፓ ውስጥ የሚስተካከለው አናውቅም። ለእንግዳ የሚሰጠው መስተንግዶ ግን ደካማ ነው። መጸዳጃው አይበቃም፣ መውጫው ግራ ያጋባል፤ የበዓሉ ታሪክ ደግሞ እዚያው ጎዳና ላይ ተቀምጦ ሳለ የሚያሳያችሁ የለም። ከሐበሻ ጎብኚ የሚሰማው ቅሬታም አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ በኖቲንግ ሂል ጌት ጣቢያ ይወጣሉ፣ በሰው ተጨናንቀው ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆማሉ፣ የደረቀ ዶሮ ይበላሉ፣ ከዚያም «ጩኸት ብቻ ነው» ብለው ይመለሳሉ። እውነታቸውን ነው፤ በዚያ ሰዓትና በዚያ በኩል የገባ ሰው ሌላ ነገር አያይም።

መነሻውን ያላወቀ ምን እንደሚያይም አያውቅምና በአጭሩ እንየው። በ1958 በኦገስት መጨረሻና በሴፕቴምበር መጀመሪያ በዚሁ ሰፈር ነጭ ወጣቶች በካሪቢያን ተወላጆች ላይ ለቀናት ጥቃት አደረሱ። ክላውዲያ ጆንስ ትሪኒዳድ ተወልዳ ኒው ዮርክ ያደገች ጋዜጠኛ ናት። በኮሚኒስትነቷ ከአሜሪካ ተባርራ ለንደን ገብታ ነበር። እሷና ባልደረቦቿ ለጥቃቱ የሰጡት መልስ ካርኒቫል ነበር፤ ጃንዋሪ 30 ቀን 1959 በሴንት ፓንክራስ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ውስጥ ተደረገ፣ ቢቢሲም በቴሌቪዥን አስተላለፈው። የዕለቱ መጽሔት ሽያጭ ከፊሉ በግርግሩ ለተያዙ ወጣቶች ቅጣት መክፈያ እንደሚውል እዚያው ላይ ታትሞ ነበር። በ1966 ራውኒ ላስሌት የምትባል የሰፈሩ ማኅበራዊ ሠራተኛ የጎዳና በዓል አዘጋጀች፤ የራስል ሄንደርሰን የስቲልፓን (ከዘይት በርሜል የሚሠራ የሚመታ መሣሪያ) ጓድ እየመታ መንገድ ሲጀምር ሕዝቡ ተከተለው፣ ካርኒቫሉም ያኔ ከአዳራሽ ወጣ። ዛሬ የምናየውን ቅርጽ የያዘው ሌስሊ ፓልመር በመራባቸው ከ1973 እስከ 1975 ባሉት ዓመታት ነው። በአንድ ቦታ ቆመው የሚያጫውቱ ትላልቅ ሳውንድ ሲስተሞችን፣ ማለትም የድምፅ ማጉያ አምዶችን ያስገባው፣ የተለያዩ ደሴቶች ተወላጆችንም በሰልፉ ያሰባሰበው እሱ ነው።

ሥሩ ግን ወደ ትሪኒዳድ ይዘልቃል። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ባርነት በሕግ የቀረው ኦገስት 1 ቀን 1834 ሲሆን፣ ሙሉ ነፃነት የመጣው በ1838 ነው። ነፃ የወጡት ሰዎች የሸንኮራ እርሻ ሲቃጠል በጅራፍ እየተነዱ እሳት ያጠፉ የነበረበትን ዘመን በችቦ፣ በከበሮና በዱላ ፍልሚያ መልሰው ያሳዩ ጀመር፤ ካንቡሌ ይሉታል። በ1881 ፖሊስ ሊያስቆመው ሲመጣ ተፋለሙት። በ1880ዎቹ ከበሮ ሲከለከል በቀርከሃ መሬት እየደበደቡ ዜማ ሠሩ፤ ከዚያ የቆርቆሮ ጣሳ፣ በመጨረሻም የዘይት በርሜል መጣ። ዛሬ በሰልፉ የምትሰሙት ስቲልፓን የዚያ እገዳ ልጅ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ማታ የሚደረገው የስቲልፓን ውድድር፣ ፓኖራማ፣ በእኛ ግምት ከሁለቱ የሰልፍ ቀናት ይበልጣል። ቦታው ከጎልቦርን መንገድ በስተሰሜን ያለው ኤምስሊ ሆርኒማን ፓርክ ነው። እንደ ጎዳናው በነፃ የማይገባበት ዓመት ስላለ፣ ከሳምንታት በፊት የካርኒቫሉን ድረ ገጽ አይቶ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ጓድ አሥር ደቂቃ ገደማ የሚሆን አንድ ድርሰት ይጫወታል። በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው፤ ፊታቸው ላይ አንዲት የኖታ ወረቀት የለችም፤ ሁሉም በቃል ነው። ማንግሮቭ፣ ኢቦኒና ሜትሮኖምስ ከሚሰሙት ጓዶች መካከል ናቸው።

መሣሪያው የሚሠራው ከ55 ጋሎን ማለትም 208 ሊትር ገደማ ከሚይዝ በርሜል ነው። የበርሜሉ ታች በመዶሻ ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል፣ ኖታዎቹ ተለይተው ይቀረጻሉ፣ በእሳት ይግላል፣ ከዚያ በትንሽ መዶሻ ይቃኛል። ዜማ የሚይዘው ቴነር አንድ ፓን ብቻ ነው፤ የበርሜሉ ጎን አጥሮ ስለሚቆረጥ ድምፁ ይቀጥናል። ባሱ ግን በርሜሉ ሙሉውን እንዳለ ነው፤ አንድ ተጫዋች በስድስት ወይም ከዚያ በላይ በርሜሎች መካከል ቆሞ እየዞረ ይመታል። ሰው ሁሉ ከመድረኩ ፊት ለፊት ይታጨቃል፤ እዚያ ቴነሩ ሌላውን ይውጠዋል። ወደ ጎን ወጣ ብላችሁ ባሱና መካከለኞቹ ፓኖች በሚሰሙበት ማዕዘን ቁሙ። ከሁሉ የሚሻለው ጓዶቹ ተራ ሲጠብቁ ከመድረኩ ውጭ የሚያደርጉት ማሟሟቂያ ነው፤ ተጫዋቾቹን ክንድ በሚያህል ርቀት ቆማችሁ ትሰማላችሁ። የለንደን የኦገስት ምሽት ይቀዘቅዛልና ጃኬትና ሳሩ ላይ የሚነጠፍ ነገር ያዙ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከፓኖራማው በፊት የታሪኩን ቦታዎች በእግር መዞር ይቻላል፤ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሁለት ሰዓት ይበቃል። በሰልፉ ቀናት አይሞከርም፤ ሕዝቡ አያሳልፍም፣ ብዙ ሱቆችና ቤቶችም ጉዳት እንዳይደርስባቸው በጣውላ ይሸፈናሉ። ከዌስትቦርን ፓርክ ጣቢያ ወጥታችሁ ወደ ኦል ሴንትስ መንገድ ቁጥር 8 ሂዱ። የትሪኒዳድ ተወላጁ ፍራንክ ክሪችሎ በ1968 የከፈተው የማንግሮቭ ምግብ ቤት እዚህ ነበር። ከጃንዋሪ 1969 እስከ ጁላይ 1970 ፖሊስ 12 ጊዜ ፈተሸው። ሰፈርተኛው ኦገስት 9 ቀን 1970 በሰልፍ ተቃወመ፤ ዘጠኝ ሰዎች ሁከት በማነሳሳት ተከሰው 55 ቀን በፈጀ ችሎት ቆሙ። ከዋናው የሁከት ክስ ሁሉም ነፃ ወጡ፤ ዳኛውም ፖሊስን ጨምሮ በሁለቱም ወገን የዘር ጥላቻ መኖሩን በፍርድ ቤት ተናገሩ። ከዚያ ጥቂት ተጉዛችሁ ፖርቶቤሎ መንገድና ታቪስቶክ የሚገናኙበት ስትደርሱ የክላውዲያ ጆንስና የራውኒ ላስሌት የመታሰቢያ ሰሌዳዎች አሉ። ቀና ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ሳያዩት የሚያልፉት ብዙ ናቸው።

ለእኛ የሚቀርበው ቦታ ግን ላድብሮክ ግሮቭን ተሻግሮ ያለው ባሴት መንገድ ነው። የጥቁሮች ንቅናቄ መሪ የማርከስ ጋርቬይ የመጀመሪያ ሚስት የነበረችው ኤሚ አሽውድ ጋርቬይ በዚህ መንገድ ትኖርና የጥቁሮች ማዕከል ታካሂድ ነበር። በ1935 ሞሶሎኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ ለንደን ውስጥ የተቋቋመውን የአቢሲኒያ ወዳጆች የአፍሪካውያን ማኅበር ከትሪኒዳዳዊው ጸሐፊ ከሲ. ኤል. አር. ጄምስ ጋር ሆነው ከመሠረቱት አንዷ እሷ ናት። ያቺው ሴት ከ24 ዓመት በኋላ፣ ኬልሶ ኮክሬን የተባለ የአንቲጓ ተወላጅ አናጢ ሜይ 17 ቀን 1959 ሌሊት በነጭ ወጣቶች ተወግቶ ሲሞት፣ ሰፈሩን ካደራጁት መካከል ነበረች። ለኢትዮጵያ የጮኸችው ሴትና ይህን ካርኒቫል የወለደው ትግል የአንድ መንገድ ጎረቤት ናቸው፤ ከኢትዮጵያ ማኅበሮች አንዱ በዚህ ቅዳሜ ጉብኝት ቢያዘጋጅ ሰው የሚያጣ አይመስለንም።

ኮክሬን የተገደለበት ሳውዝሃም ጎዳናና ጎልቦርን መንገድ የሚገናኙበት ቦታ ላይም ሰሌዳ አለ። ወደዚያ ስትወጡ ጎልቦርን መንገድ ላይ የሞሮኮና የፖርቱጋል ምግብ ቤቶች ስላሉ ምሳ እዚያ ብሉ፤ ከምግቡ በኋላ ፓርኩ ጥቂት ደቂቃ ነው።

እሑድ። ማለዳ 6፡00 ገደማ በላድብሮክ ግሮቭ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በካናል ዌይ አካባቢ ጁቬ ይጀመራል። ቀለም፣ ዱቄት፣ ቸኮሌት መቀባባት ነው፤ የነፃነቱ ትርጉም ከየትም ይልቅ እዚህ ይነበባል። የግሬናዳ ልጆች ጃብ ጃብ የሚሉትን ይዘው ይወጣሉ፦ ገላቸውን በጥቁር ዘይት ለቅልቀው፣ ቀንድ ደፍተው፣ ሰንሰለት እየጎተቱ። ጌታው «ሰይጣን» ብሎ የሰደበው ሰው ስድቡን ለብሶ፣ ሰንሰለቱንም መጫወቻ አድርጎ ነው ጌታው ላይ የሚስቅበት። ሳያውቅ የሚያይ ሰው ይደነግጣል፤ ልጆችንም አስቀድሞ ማስረዳት ይበጃል።

ለጁቬ የሚጣል ቲሸርትና አሮጌ ጫማ ልበሱ። ከቤት ሳትወጡ ፊታችሁን፣ አንገታችሁንና ክንዳችሁን ቫዝሊን ወይም ዘይት ተቀቡ፤ ያልተቀባ ቆዳ ላይ ቀለሙ ይደርቅና በሁለት መታጠቢያ አይለቅም። ፀጉራችሁን ሸፍኑ፤ ሹሩባ ውስጥ የገባ ዱቄት ለቀናት ይራገፋል። ስልክ በሚዘጋ ፌስታል ውስጥ ይግባ። ለመመለሻ የሚሆን ቅያሪ ልብስና ትልቅ ፌስታል ያዙ፤ በቀለም የተነከረ ሰው የሚጭን ታክሲ አይገኝም፣ ባቡር ውስጥም ወንበር ታበላሻላችሁ። ነጠላ ወይም የአበሻ ቀሚስ ለብሶ መምጣት ያማረው ሰው ለሰልፉ ያቆየው።

የቤተሰብ ቀን የሚባለው የእሑድ ሰልፍ 10፡30 ላይ ይጀምራል። መስመሩ 5.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግሬት ዌስተርን መንገድ፣ ቼፕስቶው መንገድ፣ ዌስትቦርን ግሮቭ፣ ከዚያም ላድብሮክ ግሮቭ። የመቆሚያ ቦታ ምርጫችን ግሬት ዌስተርን መንገድ ነው። ጓዶቹ ሰልፉን ወደሚያወዳድሩት ዳኞች ሲቃረቡ ልብሳቸው ሙሉ ነው፣ ጉልበታቸው አልደከመም፣ ጭፈራውንም ተጠንቅቀው ያሳያሉ። ላድብሮክ ግሮቭ ላይ ሲደርሱ ላባው ወድቋል፣ ሰልፈኛው ደክሟል፣ ሰልፉና ተመልካቹም ተደባልቋል። በአንዱ ጓድና በሚቀጥለው መካከል ግማሽ ሰዓት ባዶ መንገድ ብታዩ አልቋል ብላችሁ አትሂዱ። ሙዚቃ የጫኑት የሰልፉ መኪናዎች በሕዝብ መካከል በእግር ፍጥነት ስለሚሄዱና ዳኞቹ ፊት ስለሚቆሙ አንዱ ሲዘገይ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል።

በሁለቱም ቀናት 15፡00 ላይ ሙዚቃው በመላው ሰፈር ለ72 ሰከንድ ይቆማል። ጁን 14 ቀን 2017 በተነሣው የግሬንፌል ሕንፃ ቃጠሎ ለሞቱት 72 ሰዎች ነው፤ ሕንፃው ከዚሁ አካባቢ ነው። የማያውቅ እንግዳ ድምፅ ማጉያ የተበላሸ መስሎት ያፏጫል። ይህ በጣም ያሳፍራልና ሰዓቱን ልብ በሉ።

ሳውንድ ሲስተሞቹ ከሰልፉ መኪናዎች የተለዩ ናቸው። በየማዕዘኑ ቆመው ከ12፡00 እስከ 19፡00 ያጫውታሉ። መኪናዎቹ ላይ የሚበዛው ሶካ የተባለው የትሪኒዳድ የጭፈራ ሙዚቃ ነው፤ ማዕዘኖቹ ላይ ሬጌ፣ ደብ፣ ጃንግል፣ ሀውስ፣ ሁሉም አለ። ከድምፅ ማጉያ አምዶቹ ትይዩ ግንብ ተደግፋችሁ አትቁሙ፤ ድምፁ ከግንቡ ተንጥሮ ስለሚመለስ ባሱ እዚያ ይብሳል፣ ሕዝቡ ሲገፋም መሸሻ የለም። ትንሽ ጎዳና የሚገናኝበት ጫፍ ላይ፣ ከአምዱ ራቅና ዘወር ብሎ መቆም ለጆሮም ለመውጫም ይሻላል። 100 ዴሲቤል በሚደርስ ድምፅ አጠገብ ጆሮ ሳይሸፍኑ የሚመከረው 15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ባለ አረፋ የጆሮ መሰኪያ ከፋርማሲ በጥቂት ፓውንድ ይገኛል። ተጠቅልሎ፣ ጆሮ ወደ ላይ ተስቦ፣ በደንብ ካልገባ አይሠራም።

የራስታ ሲስተሞቹ ጋ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ባንዲራና መስቀል የያዘው አንበሳ ታያላችሁ። ለእነሱ ይህ ከ1930ው የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ መጫን ጀምሮ የመጣ የእምነትና የነፃነት ምልክት ነው። ባንዲራው ላይ ምን አለ ምን የለም የሚለውን የአገር ቤት ክርክር ይዛችሁ አትግቡ፤ የሚገባው ሰው የለም፣ ቀኑም ይበላሻል። በአክብሮት ሰላም በሉ። ኢትዮጵያዊ መሆናችሁ ሲታወቅ ብዙ ትጠየቃላችሁና ስለ ዓድዋ ሁለት ሦስት ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ማወቅ አይከፋም።

ወደ ምግቡ። ጀርክ ዶሮ በጃማይካ ተራሮች ከሸሹ ባሮች ማለትም ከማሩኖቹ የወረደ አሠራር ነው። ቅመሙ ፒሜንቶ የሚባለው ቁንዶ በርበሬ የሚመስል ፍሬ፣ ስኮች ቦኔት የተባለው ክብ ቃሪያ፣ ጦስኝ፣ የሽንኩርት ቅጠልና ዝንጅብል ነው። ጥሩው የሚጠበሰው ለሁለት በተሰነጠቀ በርሜል፣ ክዳኑ ተዘግቶ፣ በከሰል ጭስ ነው። ወረፋ ከመያዛችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። መጀመሪያ ክዳኑ ሲከፈት ጭስ ይወጣል ወይስ ዶሮው በትሪ ላይ ተከምሮ ይጠብቃል? የተከመረው ከጠዋት የተጠበሰ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ሥጋው አጥንት ያለው ጭን ነው ወይስ ደረት? ደረቱ በከሰል ላይ ቶሎ ይደርቃል፣ ሻጩም ድርቀቱን በጣፋጭ ሶስ ይሸፍነዋል። ከውጭ ጠቁሮ አጥንቱ ዙሪያ ደም ያለው ዶሮ ከተሰጣችሁ መልሱ፤ ወረፋ ሲረዝም ከሰሉን አንድደው ያቻኩላሉና ይህ የተለመደ ጥፋት ነው። ትክክለኛ ጀርክ በሚጥሚጣ ያደገን ምላስ እንኳ ያነቃል። ካላነቃ ለቱሪስት የተሠራ ነው።

ከቀይ ቦሎቄና ከኮኮናት ወተት ጋር የሚበስለው ሩዝ ከዶሮው ጋር ይቀርባል፤ አንድ ሳህን ከ10 እስከ 15 ፓውንድ አስቡ። የፍየል ከሪ ለእኛ አፍ ይቀርባል፣ ትንንሽ አጥንት ግን ይበዛበታል፣ ቆሞ ለመብላትም አይመችም። ለሚጾም ወይም ሥጋ ለማይበላ የተጠበሰ ፕላንቴን (የሙዝ ዓይነት) እና ሩዙ አለ፤ ሩዙ ቅቤ እንዳልገባበት ጠይቁ። የሸንኮራ ጭማቂው እዚያው ሲጨመቅ እያያችሁ ግዙ። የሩም ፖንች ግን ስኳሩ ስለሚደብቀው አረቄ መሆኑን ያስረሳል፤ አንዱ ይበቃል። ምሳ ከ13፡00 በፊት ብሉ፤ ከዚያ ወዲያ ወረፋው ይረዝማል፣ የምግቡም ጥራት ይወርዳል። በሕዝቡ ብዛት ኔትወርክ ስለሚጨናነቅ የካርድ ማሽኑ ይቆማልና ከ50 እስከ 60 ፓውንድ በዝርዝር ያዙ። ሰፈሩ ውስጥ ያለ የገንዘብ ማሽን ላይ አትተማመኑ።

መጸዳጃ የዚህ በዓል ትልቁ ጉድለት ነው። ፕላስቲክ ቤቶቹ ከቀትር በኋላ አይቀረቡም። ነዋሪዎች ደጃፋቸው ላይ ካርቶን ሰቅለው የቤታቸውን መጸዳጃ በጥቂት ፓውንድ ያከራያሉ፤ እኛ የምንመክረው ይህንን ነው፤ ከነውሃውና ከነሳሙናው ታገኛላችሁ። ወረቀትና የእጅ ማጽጃ ግን ከኪሳችሁ አይጥፋ።

መጓጓዣ ላይ ስሙ ያሳስታል፤ ለኖቲንግ ሂል ካርኒቫል በኖቲንግ ሂል ጌት መውረድ ከሁሉ የከፋ ምርጫ ነው። ላድብሮክ ግሮቭ ጣቢያ ሁለቱንም ቀናት ዝግ ነው። ኖቲንግ ሂል ጌትና ዌስትቦርን ፓርክ በቀኑ ዋና ሰዓታት መውረጃ ብቻ ይሆናሉ፤ ወርዳችሁ ስታበቁ መልሳችሁ መግባት አትችሉም። ከሰሜን ለሚመጣ ኬንሳል ግሪን ወይም ኬንሳል ራይዝ፣ ከምሥራቅ ፓዲንግተን ይሻላሉ፤ የ20 ደቂቃ ያህል እግር ይጠይቃሉ፣ ግን ሲመለሱም ክፍት ናቸው። አውቶቡሶች ከሰፈሩ ዳር ይመለሳሉ። የጣቢያዎቹ ሰዓት በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ በሳምንቱ የለንደን ትራንስፖርት ያወጣውን እዩ። ሳውንድ ሲስተሞቹ 19፡00 ላይ ሲዘጉ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ ከ18፡00 በፊት መውጣት ይህንን ሁሉ ያስቀራል።

ስለ ደኅንነቱ ሁለት ዓይነት ማጋነን አለ፤ አንዱ «ጦር ሜዳ ነው» ይላል፣ ሌላው «ምንም የለም» ይላል። በ2024 በጥቃት የተጎዱ ሁለት ሰዎች ሞተዋል። በ2025 ፖሊስ በየቀኑ ወደ 7,000 ሰው አሰማርቶ ነበር፤ መግቢያዎች ላይ መፈተሻና ፊት የሚለዩ ካሜራዎችም ነበሩ። በስተጀርባው ከ1958 ጀምሮ የተጠራቀመ ቂም ስላለ ይህ ቁጥጥር በሰፈሩ ዘንድ አሁንም ያከራክራል። ጎብኚውን ይበልጥ የሚያሰጋው ግን ግፊያው ነው። ደረታችሁ በሌላ ሰው ጀርባ ከተጫነና እጃችሁን ማንሣት ካልቻላችሁ ሙዚቃው እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሳይሆን በሰያፍ ወደ ጎን ጎዳና ውጡ። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ፣ የወደቀ ስልክ ለማንሣት አትጎንበሱ። የቀጠሮ ቦታ ከሰፈሩ ውጭ ይሁን፤ ውስጥ ያለ ጣቢያ ወይም ሱቅ ሲዘጋ ቀጠሮው ይፈርሳል።

ልጆችን እሑድ ከ10፡30 እስከ 14፡00 ድረስ ብቻ አምጡ። ጆሮን ሙሉ የሚሸፍን መከላከያ አድርጉላቸው፤ ጋሪ አትያዙ፣ ማዘል ይሻላል። የወላጅ ስልክ በማይጠፋ እስክሪብቶ ክንዳቸው ላይ ጻፉ፤ ወረቀት ኪሳቸው ውስጥ ይጠፋል።

ሰኞስ? ሙሉው የላባና የሶካ ግርማ ያለው ሰኞ ነው፤ አንክድም። ሕዝቡ ግን እጅግ ይበዛል፣ ከ14፡00 በኋላ በጎን ጎዳናዎች መዘዋወር ያዳግታል። መሄድ ካለባችሁ 10፡30 ላይ ግሬት ዌስተርን መንገድ ተገኙ፣ የመጀመሪያዎቹን ጓዶች እዩ፣ 15፡00 ላይ የዝምታውን ሰዓት ጠብቃችሁ ውጡ።

ሰኞ የሚጣፍጠው ለሚሰለፍ ሰው ነው። ማስ መጫወት ይሉታል። በአውሮፓ የብርድ ወራት ወይም ብርዱን በሚከተለው ጸደይ ጓዶቹ የልብሳቸውን ንድፍ ያሳያሉ፣ ቅድሚያ ክፍያ ይቀበላሉ። ቲሸርት ብቻ ለብሶ መግባት ከመቶ ፓውንድ በታች ሊገኝ ይችላል፤ የራስ ጌጥ፣ የአንገት ጌጥና የጀርባ ክንፍ ያለው ሙሉ ልብስ ግን ብዙ መቶ ፓውንድ ይደርሳል። ከመክፈላችሁ በፊት ምን እንደሚጨምር ጠይቁ፦ መጠጥ፣ ምሳ፣ ተንቀሳቃሽ መጸዳጃና በገመድ የሚከልል ጠባቂ ያላቸው ጓዶች ለዋጋቸው ይገባሉ። የጀርባው ክንፍ የሽቦ አፅም ስላለው ትከሻ ይልጣል፤ ማሰሪያው ላይ አረፋ ወይም ጨርቅ ጠቅልሉበት። ልብሱን ከሳምንት በፊት ተረክባችሁ ለብሳችሁ ዝለሉበት፤ ሙጫው የሚለቀው በመጀመሪያው ሰዓት ነው። ወገባችሁ ላይ መርፌ ቁልፍ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያና ፈጣን ሙጫ ይኑራችሁ። አዲስ ጫማ በፍጹም አታድርጉ።